ኖራ የተቀባው መጋዘን

ባለፈው ሳምንት ሐያት ከሥራ ስትገባ የቀሚሷ ጫፍ ነጭ ቀለም ነክቶት ነበር። ሐያት የወንድሜ የልጅ ልጅ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፣ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ምን እንደነካው ስጠይቃት፣ ለሠራተኞች ልጆች ማቆያ የሚሆን ክፍል እያስቀቡ መሆኑን ነገረችኝ። መንግሥት የፈረመውን ስምምነት መፈጸሙን የሚያዩ እንግዶች ከውጭ ይመጣሉ አለች። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልሆነልኝም። ተነሥቼ ደጁን ጠረግሁ፤ ጠዋት የተጠረገ ደጅ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የዋልሁበት ዓመት ትዝ አለኝ። ወሩ ግንቦት ነበር። በቀወት ቆላ በዚያ ወር ነፋሱም ያቃጥላል፤ ማንጎ ደርሶ መንገዱ ሁሉ ልጣጭ ነበር። የወንድሜ ሚስት ዘሃራ በመንግሥት እርሻ ትምባሆ ትለቅም ነበር። ወንድሜ ወታደር ሆኖ ሄዶ፣ ቤቱ የሚያድረው በእሷ እጅ ነበር። ልጇ ፋጤ ገና ከአርባ ቀኗ መውጣቷ ነው። ቤታችን ከእርሻው ሩቅ ስለሆነ ዘሃራ ሕፃኗን አዝላ ትሄድና በመስኖው ቦይ ዳር፣ ከሾላው ሥር ታስተኛታለች። እናቴም አብራ ወርዳ ዝንብ ስታባርር ትውላለች። ዘሃራ ለማጥባት ከትምባሆው መደብ በወጣች ቁጥር ቁጣ ነው። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ "ወይ ልጅሽን ወይ ሥራሽን ምረጪ" አላት።

ስምምነት የሚባለውን ነገር የሰማነው ያን ሰሞን ነው። መንግሥት ከብዙ አገሮች ጋር ሆኖ ፈርሟል፤ የምታጠባ ሠራተኛ ልጇን የምታስቀምጥበት ቦታና የማጥቢያ ጊዜ ይሰጣታል የሚል ነው ተባለ። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ከርሞ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ኖራ ሆነ። የማዳበሪያ መጋዘኑን አስወጥተው ግድግዳውን ቀቡት። ሰሌን ተነጠፈ፣ ትንንሽ አልጋዎች ገቡ። መጋረጃው ከሥራ አስኪያጁ ቤት የመጣ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ኖራው ግን የማዳበሪያውን ሽታ አልሸፈነውም።

ይኼን የሚያዩ እንግዶች ከውጭ ሊመጡ ነበርና፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ስላጡ እኔን አስጠሩኝ። እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት እጄን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ከበሩ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ በሩ እመላለስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ይብስ ነበር። አልጋዎቹ ባዶ ናቸው።

"ልጆቹስ?" አለ እናቴን።

"እንግዳ ዓይን ፊት ጨቅላ አይዘረጋም፣ ልጄ። ሌላ የሚያዙን ካለ እንታዘዛለን።"

"ታዲያ ይኼን ክፍል ያሠራሁት ለማን ነው?"

"ለእንግዶቹ መስሎን" አለች እናቴ።

የሚያጠቡት ሠራተኞች አንድም ሕፃን አላመጡም። ሁሉንም ከሾላው ኋላ ደብቀዋቸዋል፤ የፋጤን ግንባር እናቴ ከሰው ዓይን እንዲጠብቃት ጥላሸት ቀብታዋለች። ወዲያው የእንግዶቹ መኪና አቧራውን እያስነሣ ደረሰ።

እንግዶች ሲባል የመጣችው አንዲት ጎልማሳ ፈረንጅ ናት። ባዶዎቹን አልጋዎች አየችና ልጆቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። "በዚህ ወቅት የምታጠባ ሠራተኛ የለችንም በያት" አለኝ ሥራ አስኪያጁ። አልኋት። ፈረንጇ ግን እኔን አልነበረም የምታየው። ተሰልፈው ከቆሙት ሴቶች መካከል የዘሃራ ቀሚስ ደረቱ ላይ ርሶ ነበር። የማጥቢያው ሰዓት አልፎ ወተቷ ፈሷል።

"የእሷ ልጅስ የት ነው?" አለችኝ። ለዘሃራ ነገርኋት።

ዘሃራ ወደ ሾላው አየች። እናቴ እንዳታደርጊው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ብታሳያት ልጇን ለሰው ዓይን ልትሰጥ ነው፤ ባታሳያት ክፍሉ ማዳበሪያ ይመለስበታል። ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ሾላው ሄደች። ፋጤን ይዛ ስትመለስ እናቴ ከኋላዋ እየሮጠች ነበር።

"ማሻአላህ ትበል! ሳትል እንዳታያት በያት!"

ይህን በእንግሊዝኛ ማን አስተምሮኝ። ቃሉን እንዳለ ሰጠኋት፣ እንዳለ ደገመችው። "ምላሷ ይከብዳል፤ ግን ብላለች" አለች እናቴ፣ ትንሽ ተንፍሳ።

"ጠይቂልኝ፤ ነገም ይከፈታል?" አለችኝ ዘሃራ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ተከለብኝ። እኔ ግን ጠየቅሁላት። ፈረንጇ ወደ እሱ ዞረች።

"ሁልጊዜ ክፍት ነው" አለ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ።

በማግስቱ በሩ ተቆልፎ፣ ማዳበሪያው ደጃፉ ላይ ተከምሮ ቆየን። ዘሃራ ፋጤን አዝላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም አጠገቧ። ትምባሆው ሳይለቀም ፀሐዩ ከረረ። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ዘሃራ አልተነሣችም።

"አንቱ አይደሉ እንዴ ትናንት ሁልጊዜ ክፍት ነው ያሉት? በእንግዳ ፊት የተናገሩትን እንዴት ያጥፉታል?"

በእኛ አገር በእንግዳ ፊት የተሰጠ ቃል ከመሐላ አያንስም፤ እሱም የዚያው አገር ልጅ ነበር። ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። ግማሹ ክፍል ለማዳበሪያው፣ ግማሹ ለልጆቹ ሆነ። መጋረጃውን ግን ወደ ቤቱ መለሰው። ዘሃራ ፋጤ ጡት እስክትጥል በዚያ ሠራች።

ግማሽ ክፍል ብዙ ነው ወይስ ጥቂት፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም። ፋጤ የሐያት እናት ናት፤ ማዳበሪያ ሲሸታት ዛሬም ታስነጥሳለች።

ደጁን በጠረግሁበት ዕለት ማታ ራት ስንበላ ሐያትን ጠየቅኋት፤ "እንግዶቹ የሚሄዱት መቼ ነው?"

"ገና ሳይመጡ?" ብላ ሳቀች። "ሐሙስ ይሄዳሉ።"

"እንግዲያው ዓርብ ጠዋት እመጣለሁ። ለዘበኛው ንገሪልኝ።"

ጫማዬን በር ሥር አስቀምጬዋለሁ።