ፉጨቱ የማን ነበር?

ልጅ እያለሁ ሲኒማ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አላውቅም ነበር። በተለይ ካውቦይ ፊልም ከሆነ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ፊልሙ ውስጥ ይገባል። ሽፍታው ከድንጋይ ጀርባ አድፍጦ ሲጠብቅ «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያልን እንጮሃለን። አክተሩ የሰማን ይመስል ዞሮ ሲተኩስ ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ የእንጨት ወንበሩ ድብደባ ጆሮ ያደነቁራል። እኛ የልደታ ልጆች የምንቀመጠው ርካሹ ቦታ ላይ፣ ከፊት ነበርና አንገታችን እስኪቆለመም ሽቅብ እያንጋጠጥን ነው የምናየው። ከእግራችን ሥር የኦቾሎኒ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ከጭንቅላታችን በላይ በሲጋራው ጭስ መሐል የፕሮጀክተሩ ብርሃን እየተጠማዘዘ ያልፋል።

የካውቦይ ፊልም ሕግ ቀላል ነበር። አክተሩ አይሞትም፤ ክፉው ይሞታል። አክተሩ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰው፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨው እሱ ነው።

ፊልም የሚያሳየኝ ወንድሜ ጌታሁን ነበር። እሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እኔ አሥር። ቤታችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነበር። ጌታሁን ሁለት ጣቶቹን ምላሱ ሥር ከትቶ ሲያፏጭ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበታል።

ዘመኑ ግን የቀልድ አልነበረም። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትወስደኝ እናቴ አንዳንድ ቀን ድንገት በነጠላዋ ፊቴን ሸፍና በሌላ መንገድ ታዞረኝ ነበር። የምትሸፍንብኝን ነገር ሳላየውም አውቀው ነበር። የጌታሁን የክፍል ጓደኞች አንድ በአንድ ጠፍተዋል። አንዳንዱ ጫካ ገባ ይባላል፣ አንዳንዱ ታሰረ፣ ስለ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አይወራም። እናቴ ለዚህ አንድ ዘዴ አገኘች። ወጣት ብቻውን ሲሄድ ይጠረጠራል፤ ታናሽ እህቱን እጇን ይዞ ሲሄድ ግን የቤት ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ጌታሁን የትም ቢሄድ እኔ አብሬው ነኝ። ለእኔ ዕድል ነበር፤ ለእሱ ግን ምን ያህል እንደሚጨንቀው የእጁ ላብ ይነግረኝ ነበር።

በሰፈራችን የሁሉም ሰው ፍርሃት አንድ ስም ነበረው፤ ጋሽ መኩሪያ። ይህ ሰው ከአብዮቱ በፊት ብስክሌት አከራይ ነበር። የልደታ ልጅ ሁሉ ብስክሌት መንዳት የተማረው በእሱ ነው። እኔንም ኮርቻውን ከኋላ ይዞ አብሮኝ እየሮጠ «አለሁ፣ አይዞሽ፣ አለሁ» ሲለኝ ቆይቶ፣ ዞር ስል ለካ ለቆኝ ሩቅ ቆሞ ይስቃል። ጌታሁን ብስክሌቱን ሊመልስ ሲመጣ ከሩቅ ያፏጭለታል፤ ጋሽ መኩሪያም ከሱቁ ወጥቶ «መጣህ አንተ ባቡር!» ይለዋል።

ቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ሲያቋቁም ጠመንጃ ከተረከቡት የመጀመሪያው እሱ ሆነ። ብስክሌቶቹ ሱቁ ውስጥ ዝገው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ስኳር ሲመጣ መሰለፍ ለማይችሉ አሮጊቶች ራሱ ተሸክሞ ቤታቸው ያደርስ ነበር። የጎረቤታችንን የመምህሩን ሁለት ልጆች ከምሳ ገበታ ላይ አስነስቶ የወሰዳቸውም እሱ ነው። የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ጌታሁንና እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ሲኒማ ቤት ገባን። የፊልሙን ስም አላስታውስም፤ ግን ሕጋችንን ያፈረሰ ፊልም ነበር። መጀመሪያ አንድ ጢማም፣ አቧራ የለበሰ ሰው በፈረስ መጣ። መንገድ ላይ ለወደቀ ሽማግሌ የቀረችውን ውሃ አጠጣው። «አክተሩ ይሄ ነው!» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ወዲያው ደግሞ ያው ሰውዬ የሚሸሽ ሰው ከጀርባው ተኩሶ ገደለና የሟቹን ቦቲ አውልቆ አጠለቀ። አዳራሹ ግራ ተጋባ። ከዚያ ደረቱ ላይ ኮከብ ያደረገ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ ሸሪፍ ብቅ አለ። ግማሹ ሰው ወደ እሱ ዞረ። ሸሪፉ ግን ሰዎችን ከየቤታቸው እያስወጣ ዛፍ ላይ ያሰቅል ጀመር።

ከኋላችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ።

«አክተሩ ጢማሙ ነው ባክህ።»

«ከጀርባ የሚተኩስ ምን አክተር ነው?»

«ታዲያ ይሄ ሰው የሚሰቅለው ነው?»

«ዝም በል፤ ፊልሙን እይ።»

አንዲት ሴት ሸሪፉ እግር ላይ ወድቃ ስለ ልጇ ለመነች። ሸሪፉ በእግሩ ገፋት። አንድ ሰው በረዥሙ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ የልጆቹም ጫጫታ ቀነሰ፤ ኦቾሎኒ የሚፈለፍል ሰው እንኳ አልነበረም። ጌታሁንን ቀና ብዬ አየሁት። ጥርሱን ነክሶ ነበር።

በመጨረሻ ጢማሙ መጣ። ሸሪፉን መንገዱ መሐል ላይ አቆመው። ተኮሰ። ሸሪፉ በግንባሩ አቧራው ላይ ተደፋ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ትልልቅ ሰዎች ወንበር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። ያ ሁሉ ጩኸት ለፊልሙ ብቻ እንዳልሆነ ለእኔ ለአሥር ዓመቷ ልጅም ገብቶኛል። ጌታሁን ተነሥቶ ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከተተና አፏጨ። ያ ፉጨት ከጩኸቱ ሁሉ በላይ ወጣ።

ፊልሙ ተቋረጠ። መብራት በራ።

ሦስት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከኋላ በኩል ቆመው ነበር። መቼ እንደገቡ ማንም አላየም። ከፊት የቆመው ጋሽ መኩሪያ ነው።

«ሁላችሁም ቁጭ በሉ! ማንም እንዳይነቃነቅ!»

ወንበሮቹ አንዴ ተንኳኩተው ዝም አሉ። ጋሽ መኩሪያ በመተላለፊያው ቀስ እያለ ወረደ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያስደሰታችሁ?» አለ። «ሕግ አስከባሪ ሲገደል ይጨበጨባል? እሺ፤ ማነው ያፏጨው?»

የጌታሁን እጅ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ጋሽ መኩሪያ ያንን ፉጨት ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት ከሱቁ ያስወጣው ነበር። የሚመጣውም በቀጥታ ወደ እኛ ነው። የኦቾሎኒው ገለባ በጫማው ሥር ሲደቅቅ እሰማለሁ። አጠገባችን ሲቆም የጠመንጃ ዘይትና የትምባሆ ሽታ ሸተተኝ። እግሬ ላይ ሙቅ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ሽንቴ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ጌታሁንን አየው። ጌታሁን አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔ ቀድሜው ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

ከኋላ የቆመው ወጣት ጥበቃ ሳቀ። ጋሽ መኩሪያ አልሳቀም።

«አንቺ?»

«አዎ።»

«እስቲ አፏጪ።»

ጌታሁን ሲያደርግ እንዳየሁት ሁለት ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከተትኩ። አፌ ደርቋል። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደገና ሞከርኩ፤ ያው ትንፋሽ። በሦስተኛው ጣቶቼን አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ ማልቀስ ጀመርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚሰማው የእኔ እስትንፋስ ብቻ ነበር። ጋሽ መኩሪያ አተኩሮ አየኝ። ዓይኑ ወደ እርጥብ ቀሚሴ ወረደ፤ ወደ ጌታሁን ዞረ፤ ተመልሶ ወደ እኔ መጣ።

«እሷ ናት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለጓደኞቹ። «ሰምቼያታለሁ። ቁጭ በይ። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ!»

ተቀመጥኩ። አለቀ ብዬ ነበር። ግን ጋሽ መኩሪያ አልሄደም። አሁን ሳስበው፣ ፊልም አስቁሞ፣ መብራት አስበርቶ፣ ባዶ እጁን መውጣት የሚችል አይመስለኝም። ያን ጊዜ ይህ አልገባኝም። ፊቱን ወደ ፊተኛው ረድፍ አዞረ።

«አንተ፣ ተነሥ!»

የተነሣው ተስፋዬ ነበር። ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት የእትዬ ብርቄ አንድ ልጅ ነው። አላፏጨም። ከፊት ለፊቴ ስለተቀመጠ ፊልሙ እስኪቋረጥ ድረስ እሱን አይቼዋለሁ፤ ሊያፏጭ ቀርቶ አላጨበጨበም እንኳ።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ።

«እዚያ ትነግረናለህ።»

ሁለቱ ጥበቃዎች በግራና በቀኝ ያዙት። በሩ ላይ ሲደርስ፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል፣ ዞር ብሎ የተቀመጠበትን ወንበር አየ። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም።

ጋሽ መኩሪያ «ቀጥሉ» ብሎ አዘዘና ወጣ። መብራቱ ጠፋ። መውጣት የደፈረ ሰው ስላልነበረ ሁላችንም ፊልሙን ጨርሰን አየን። ጢማሙ ፈረሱ ላይ ወጣ። ከበስተኋላው በመስኮት በኩል አንድ ሰው ጠመንጃ ደገነበት። መቶ፣ ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል። «ከኋላህ ነው» ያለ ሰው ግን አልነበረም። ዓይኔን ጨፈንኩ። ተኩሱን ሰማሁት፤ ማን እንደወደቀ አላየሁም።

ስንወጣ ጌታሁን ጃኬቱን አውልቆ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። እናቴ የሆነውን ስትሰማ መሬቱ ላይ ተንበርክካ ጋሽ መኩሪያን መረቀችው፤ ዕድሜውን እንዲያረዝምለት ማርያምን ለመነች። አባቴ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ሲያዳምጥ ቆየና «ብርቄም እናት ናት እኮ» አላት። ይህን ጉዳይ ሁለቱ በሹክሹክታ እንደተከራከሩበት፣ ሳይስማሙ ነው ያለፉት።

ጌታሁን በሳምንቱ ናዝሬት አጎታችን ዘንድ ተላከ። ተረፈ፤ ትዳር ያዘ፤ ወለደ። ሲያፏጭ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልሰማሁትም። ተስፋዬ አልተመለሰም።

መንግሥት ሲለወጥ ጋሽ መኩሪያ ታሰረ። ጉዳዩ የታየው እዚያው ልደታ፣ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ፍርድ ቤት ነው። እኔ ያኔ አስተማሪ ሆኜ ነበር። ጌታሁን «ምን ብዬ ልመስክር? አዳነኝ ልበል ወይስ ገደለ?» ብሎ ቀረ። እኔ ሁለቱንም ለማለት ሄድኩ። እኛን ለማዳን መዋሸቱን ስናገር ችሎቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች አጉረመረሙብኝ። ቀጥሎ ያደረገውን ስናገር ዝም አሉ። ጋሽ መኩሪያ ሸብቶ፣ ትከሻው ወድቆ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። ያወቀኝ ይሁን፣ ያላወቀኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ተፈረደበት፤ እስር ቤት ሳለ ሞተ።

የመሰከርኩ ዕለት የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ እትዬ ብርቄ እጄን ያዙኝ። አርጅተዋል። ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ሲወጣ አላየሁትም ነበር» አሉኝ። «እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ምን ለብሶ ነበር?»

«ቡናማ ሹራብ» አልኳቸው። «ክርኑ ላይ በጥቁር ክር የተጣፈ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ ነኝ የጣፍኩለት» አሉ። ከዚያም ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ «እንግዲያስ አልበረደውም» አሉ።

አሁን ያ ሰፈር የለም። ቤታችን የነበረበት ቦታ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ የድሮ ጎረቤቶች ከተማው ዳርቻ ድረስ ተበትነናል። አልፎ አልፎ ልጆቼ ሲኒማ ይወስዱኛል። ወንበሩ ይመቻል፤ አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ፊልሙ እየታየ የሚጮህ ሰው የለም። የድሮው ጫጫታ ይናፍቀኛል። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ግን ሰውነቴ ሳላዝዘው ይደነግጣል፤ ቶሎ አልነሣም። ልጆቼ ከጓደኞቻቸው ጋር በሩ ላይ ቆመው ይከራከራሉ። አንዱ «ሰውዬው ትክክል ነበር» ይላል፣ ሌላው «ነፍሰ ገዳይ ነው» ይላል፤ ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። ቀስ በሉ ልላቸው አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ እተወዋለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ እስኪበቃቸው ሲጮሁ አዳምጣቸዋለሁ።