ሞተሩ ዝም ሲል

ዘንገና ሐይቅ ላይ ዓመት ከመንፈቅ የጀልባ ሞተር እጀታ ይዤ ተቀምጫለሁ። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ይስቃል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ዕድሜዋን ድንች ስትኮተኩትና ገብስ ስታበጥር የኖረች ሴት ከሞተር ጋር ምን አገናኛት? ያገናኘኝ ልጄ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ልጄ እንጅባራ ከተማ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። የውሃ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ከሐይቁ ውሃ እንዲቀዳላቸው ቀጠሩት። ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች፣ ከየጥልቀቱ ነው የሚፈልጉት። ጀልባዋ የእነሱ ናት፤ ትንሽ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ። ሞተሯ በባትሪ ይሠራል፤ ቤንዚን አይጠጣም። እጀታውን ሲጠመዝዙት ይነሣል፣ ሲመልሱት ይቆማል። አሮጌ ስለሆነ እንደ ተቆጣ ንብ ይጮኻል።

ችግሩ የእጅ ማነስ ነበር። የመቅጃው ጠርሙስ በድንጋይ ከብዶ በረጅም ገመድ ነው የሚወርደው፤ ገመዱ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እሱ ገመዱን ሲያወርድ ነፋሱ ጀልባዋን ገፍቶ ከቦታዋ ያስለቅቃታል። ስለዚህ ኋላ ተቀምጦ፣ አፏን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ሞተሩን ትንሽ አስነሥቶ ትንሽ የሚያቆም ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ልጄ ሰው ፈለገ፤ አጣ። እኛ ዘንድ ሰው ፈረስ ላይ ያድጋል እንጂ ውሃ ላይ አይወጣም። ዋና የሚችል የለም፤ ልጄም አይችልም። ዘንገና ደግሞ ከዳሩ ብዙ ሳይርቁ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል።

«በቃ፣ ብቻዬን እሞክረዋለሁ» አለኝ።

«እኔ አለሁ» አልኩት።

«እማ፣ አንቺ እኮ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ጎርፍ ወሰደህ ወይ ብለሽ የምትደውይ ሰው ነሽ።»

«ለዚያ ነው የምመጣው።»

የመጀመሪያው ቀን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ከላሞቻቸው ጋር መንገድ ላይ አገኙን። የጀልባውን ባትሪ በነጠላ አዝዬ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ፈረስ ስታጪ ጀልባ ልትጭኚ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፤ ይቺ እንኳ ገብስ አትበላም።»

«ገብስ ባትበላ ሰው ትበላለች» አሉና ላሞቻቸውን ነዱ። ቀልዳቸው ነው። እኔ ግን ያን ቀን እስክንመለስ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም።

እየዋለ እያደረ ለመድኩት። ገመዱ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ አለ፤ ገመዱ ሲወርድ ቋጠሮውን ጮክ ብዬ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። የምቆጥረው በቋንቋችን በአውንጊ ነው፤ ቁጥር አፌ ላይ የሚቀለኝ በአውንጊ ነው። እሱ በአማርኛ ይጽፋል። ሐይቁ ዙሪያውን በገደልና በዛፍ የተከበበ እንደ ገበቴ ያለ ስለሆነ ድምፃችን ዞሮ ወደ እኛው ይመለስ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀን። ሌላውን ቀን እሱ ከተማ ነው፣ እኔ ቤት ነኝ። ከዶሮዎቹ በቀር የማነጋግረው የለም።

አንድ ሰሞን ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለኝ። ልጄ ደህና ሁኚ ብሎኝ ወጣ፤ ወደ ሱቁ የሄደ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ እስከ ደረቱ ርሷል። ብቻውን ገብቶ ኖሯል። የሞተሩን እጀታ እንደተነሣ በሲባጎ አስሮት፣ ገመዱን ሲያወርድ አዳልጦት እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ። እጁ የጀልባዋን ጠርዝ ባይዝ ኖሮ ጀልባዋ ጥላው ትሄድ ነበር፤ ሞተሩ አልቆመማ! እየተጎተተ ነው የወጣው። ይህን እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ቦቲውን ከእግሩ አውልቄ ውሃውን ደጅ ደፋሁት፤ ደጋግሜ አራገፍኩት፣ ውስጡ የቀረ ነገር ያለ ይመስል።

ድሮ ጥሊሊ ገበያ ላይ ከአንድ ልብስ ሰፊ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እሸጥ ነበር። ሰውየው የስፌት መኪናውን በእግሩ ሲረግጥ መርፌው ይሄዳል፣ እግሩን ሲያነሣ ቀጥ ይላል። ያ ትዝ አለኝ።

«ሞተሩን በእጅህ አታስነሣው» አልኩት። «በእግር የሚረገጥ ነገር አድርግለት። ስትረግጠው ይሂድ፣ እግርህ ሲነሣ ይቁም። ብትወድቅ እንኳ ጥሎህ አይሄድም።»

«እማ፣ ይኼ እኮ ይሠራል» አለ።

መጀመሪያ የበር ደወል መጫኛ ሞከረ። ሞተሩን ጓሯችን ባለው የዝናብ ውሃ በርሜል ውስጥ አቁሞ ቢረግጠው፣ ገና ሁለት ጊዜ እንደዞረ መጫኛው ቀልጦ ሸተተ። የሞተሩ ጉልበት ለዚያች ትንሽ ነገር በዛባት። ከዚያ ከጋራዥ የመኪና መብራት ሪሌ አመጣ። ሪሌ የክብሪት ሳጥን የምታህል ናት። እግር የሚረግጠው በቀጭን ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ይልክላታል፤ ትልቁን ጉልበት በወፍራም ሽቦ የምታሳልፈው እሷ ናት። ባትሪው አጠገብም ፊውዝ አስገባበት፤ ሽቦ ቢነካካ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው አለኝ። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው።

በሳምንቱ ሥራውን ጨርሶ ጠራኝ። በርሜሉ አጠገብ ጣውላ ላይ በእግር የሚረገጠውን ማብሪያ መትቶታል። በላዩ ላይ አንድ ብረት በየዶታል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የአባቱ እርካብ ነው።

«እግሬ እንዳያዳልጠኝ ነው» አለ፣ ደስ ብሎት። «ቦቲዬ ልክክ አለበት። የአባዬም ነገር ከእኔ ጋር ይሁን ብዬ።»

የድሮ ፈረሰኞች እርካብ ውስጥ የሚያስገቡት አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር። ባለቤቴ ቦቲ መጫማት ሲጀምር እግሩን ሙሉ የሚያስገባ ሰፊ እርካብ አሠራ። አንድ ቀን ከፈረስ ሲወድቅ እግሩ ከዚያ አልወጣም። ፈረሱ ደንግጦ የታረሰውን ሁሉ አቋርጦ ጎትቶ እደጃችን አመጣው። ልጄ ያኔ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። ስለ አባቱ አሟሟት ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ «ከፈረስ ወደቀ» ብቻ ነው ያልኩት። እግሩ ተይዞ እንደነበር ነግሬው አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያን ቀን ነገርኩት። በርሜሉ አጠገብ ቆመን ነው የነገርኩት፣ ሁሉንም። ስጨርስ፣ ቦቲ ያደረገ እግሩን ወደ እርካቡ አስገብቶ ወደ ጎን እንደሚወድቅ ሰው ተንጋደደ። እግሩ አልወጣም። ሞተሩም በርሜሉ ውስጥ መዞሩን ቀጠለ፤ ውሃው እየተረጨ ሁለታችንንም አረጠበን። እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እግሩን በግድ አወጣ።

እርካቡን በመጋዝ ቆርጦ አነሣው።

«ታዲያ መርገጫውን በምን ላድርገው?» አለኝ በኋላ። «ስፕሪንግ ቢዝግ ተጭኖ ይቀራል።»

ከጣሪያው ሥር ለዓመታት ጭስ የጠጣ ቀርከሃ ነበረኝ። እርጥብ ቀርከሃ ሲያጎነብሱት እንደጎበጠ ይቀራል፤ ጭስ የጠጣው ግን ሲለቁት ተመልሶ ቀጥ ይላል። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰነጠቅኩለት፣ ፊቱን በቢላ ፋቅሁለት። አንዱን ጫፍ ጣውላው ላይ በሚስማር መታው፣ ሌላው ጫፍ ከማብሪያው በላይ ተንጠለጠለ። ሲረገጥ ጎንበስ ብሎ ማብሪያውን ይጫናል፣ እግር ሲነሣ ይፈናጠራል። እግር የሚይዝ ነገር የለውም። እስኪሰለቸኝ ረገጥኩት። አንድ ጊዜም ተጭኖ አልቀረም።

ሐይቁ ላይ ስንሞክረው ከፊቱ ተቀምጬ ነበር። ሁለት እጁ ገመዱ ላይ ነው፤ እጀታውን በጉልበቱ ገፋ እያደረገ ያዞራል፣ በእግሩ ጫን ለቀቅ ያደርጋል። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ቆመችለት። የእኔ እጅ ጭኔ ላይ ነበር፤ የት እንደማደርገው አላወቅሁም።

«ከእንግዲህ አንቺ ትረፊ፣ እማ» አለኝ ወደ ዳር ስንመለስ። «ብርዱም አይስማማሽም። ባትሪውም ለአንድ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይበቃል።»

«እሺ» አልኩ። ያልኩት ሁሉ ነው የሆነው፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

አሁን እሱ ሲገባ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። ቤት ሁኚ ይለኛል፤ አልሆንም። ጠዋት ጠዋት ጉም ስለሚተኛበት ጀልባዋ አትታይም። የሚሰማኝ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ይጮኻል፤ እግሩ ቀርከሃው ላይ ነው ማለት ነው። ዝም ይላል፤ እግሩን አንሥቷል ማለት ነው። ወይም ደግሞ ወድቋል። እኔ ነኝ ብትወድቅ ይቁም ያልኩት። ያን ጊዜ ከዳር ሆኖ ለሚሰማ ሰው ሁለቱ ዝምታ አንድ ዓይነት እንደሚሆን አላሰብኩም።

መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስነግረው ቋጠሮውን ጮክ ብሎ ይቆጥርልኝ ነበር፣ እኔ እንደማደርገው በአውንጊ። ድምፁ ገደሉን ዞሮ ይመጣል፤ አብሬው እቆጥራለሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ረሳው። ሰው ብቻውን ሲሆን ጮክ ብሎ አይቆጥርም።

ባለፈው ሳምንት ዝምታው ረዘመ። በልቤ እቆጥር ነበር። ከገመዱ ቋጠሮ ሁሉ አለፍኩ፤ ድምፅ የለም። ተነሥቼ ጠራሁት፤ የራሴ ድምፅ ዞሮ መጣ። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ያ ንብ፣ ሞተሩ፣ ጮኸ። ልጄ ጉሙን ሰንጥቆ ብቅ አለ፤ ጉንጩ በቆሎ ተወጥሯል።

«እማ! እውሃ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጫማዬን እያጠብኩ ነው።»

«እግርሽ ላይ እንዳለ?»

«አንተ ቆሎህን ብላ።»

ሳቀ። አንድ ጠርሙስ ቀርቶት ነበርና ጀልባዋን አዞረ። ጉሙ ከዋጠው በኋላ ሞተሩ እንደገና ዝም አለ። እርጥብ ጫማዬን ይዤ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቁጥሩን ከአንድ ጀመርኩ። ስንት ላይ እንደደረስኩ እንጃ፣ ጎንበስ ብዬ ባይ ቀኝ እግሬ ሣሩን እንደ ቀርከሃው ጭምቅ አድርጎ ረግጧል።

አላነሣሁትም።