የተወጋው ሳጥን

ባለቤቴ አገር ቤት የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበር። ጆሃንስበርግ ከመጣን ወዲህ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ብርድ ልብስና መጋረጃ እንሸጣለን። ሙያው ግን አልለቀቀውም። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚገጣጥመው፣ ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ከውጭ አዘዘ። መጀመሪያ ጅራቱ መጣ። ሜይፌር ሰፈር ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ ጨረሰውና ክንፎቹን አዘዘ።

ክንፎቹ በመርከብ ደርባን ደርሰው ከዚያ በጭነት መኪና የመጡ ቀን እሱ ሱቅ ነበር። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀርቻለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ሾፌሩ ረጅሙን ሳጥን አስወርዶ ወረቀት ዘረጋልኝ።

"ሲሲ" አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው። "እዚህ ጋ ፈርሚ። ቶሎ በይ።"

ፈረምኩ። ሳጥኑ ጎን ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ያየሁት መኪናው ከሄደ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ሲመጣ ክዳኑን ፈልቅቆ ከፈተ። አንድ ቦታ ዕቃ የሚያነሳው የፎርክሊፍት መኪና ሹካ ሳጥኑን በስቶ ገብቷል። ክንፉን የሚሸከመው ዋናው አሉሚኒየም፣ እሱ "አጥንቱ" የሚለው፣ ጎድጎድ ብሏል። ከጎድጓዳው ጫፍ ፀጉር የመሰለ መስመር ወጥቷል።

"ተሰንጥቋል?" አልኩት።

"ጭረት ነው" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ላጓጓዙት ጻፈላቸው። "በደህና ተረክበናል ብላችሁ ፈርማችኋል" ብለው መለሱ። እሱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጋራዡን በር ከውስጥ መዝጋት ጀመረ። የሞረድ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ ተከትዬው ገባሁ። የተሰነጠቀው ቦታ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

"ምን አደረግከው?"

"አስተካከልኩት።"

"ሰው እኮ ነው የሚጭነው!"

"መጀመሪያ የማሳፍረው አንቺን ነው" አለና ፈገግ አለ።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያናገርኩ እንኳን የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ ወሬዬን አቋርጥ ነበር።

ክንፉ ከመሸፈኑ በፊት መርማሪ ማየት አለበት። አንድ ቅዳሜ ከከተማው ደቡብ ካለ ትንሽ አየር ማረፊያ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጡ። ሥራውን ብሎን በብሎን እያዩ አመሰገኑት። ባለቤቴ ባትሪ ይዞ ያበራላቸዋል። ከአረንጓዴው ቀለም አጠገብ ሲደርሱ ብርሃኑን ወደ ሌላ ቦታ አዞረው።

ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

"እባክዎ፣ እዚያ ጋ ደግመው ይዩልኝ" አልኳቸው።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሽማግሌው ቀለሙን በሰንጢ ፋቁና ስንጥቁን ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይህ አየር ላይ ይሰበራል። አላወቅህም ነበር?"

"አውቃለሁ" አለ ባለቤቴ።

ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት ከሱቅ ጉዳይ በቀር አላናገረኝም። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ጀፕ ስንሄድ፣ "አዲስ አጥንት አዝዣለሁ" አለኝ።

"እያወቅክ ለምን ቀባኸው?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"እንጃ" አለ። "እንዲሰበር አልፈለግኩም። ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ሰልችቶኝ ነበር።"

አዲሱ አሁን በመርከብ እየመጣ ነው። የተሰነጠቀውን ግን አልጣለውም። ጋራዡ ግድግዳ ላይ አስደግፎታል፤ አንዳንዴ ሥራውን ትቶ መስመሩን በጣቱ ሲከተል አየዋለሁ።