ያላቀለጥኩት ጥሩር

የበደለኝ የታናሽ እህቴ ባል ነው። የበደለኝም አምና፣ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስት ሰው እየሰማ ነው። ስሙን አልጽፍም። አዝኜለት አይደለም፤ በእኔ ጽሑፍ ላይ ቦታ ልሰጠው ስለማልፈልግ ነው።

ወደ ጌሙ ያስገባኝ ራሱ ነው። በኢንተርኔት ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚጫወቱት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሰይፈኛ፣ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዱ ፈዋሽ ሆኖ ዋሻ ውስጥ ያለ አውሬ ይገጥማል። ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሰበታ ስምንት ሆነን እሑድ እሑድ እዚያው ጌሙ ውስጥ በድምፅ እንገናኝ ነበር። እሱ እንደ እድር ዳኛ ይመራናል፤ የቀረ ሰው ምክንያቱን ያስረዳል። ፈዋሽ መሆን የሚፈልግ ስለጠፋ፣ ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ቤቴ መቀመጤን አይቶ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ትዕግሥት አለዎት» ብሎ ለመነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁስሉን ሳክም ኖርኩ። የአውሬዎቹን አለቃ፣ የዋሻውን ንጉሥ ግን አንድም ቀን ጥለነው አናውቅም።

ጠቡ የመጣው በጥሩር፣ በብረት የጦር ልብስ ነው። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ልብስና መሣሪያ ቁጥር አለው፤ አንዱ ጉልበት ይጨምራል፣ አንዱ ፍጥነት። የእኔ የብረት ጥሩር የሚጨምረው መንፈስ የሚባለውን ነበር። መንፈስ ደግሞ ያኔ ውጊያ ካለቀ በኋላ ቶሎ ድካም ከማስወጣት በቀር ምንም አይረባም። ሁላችንም እንዲህ ያለ ጥሩር ነበረን። እሱ ለአዲሱ ሰይፉ ብረት ስለፈለገ የሁሉንም አንድ በአንድ አስቀለጠ። የእኔ ብቻ ቀረ።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ንብረት ክፍል ነው። ለምን እንደተሠራ ያልገባኝን ዕቃ አላስወግድም። አይሆንም አልኩ።

«ያንን ቡቱቶ አቅልጪው አልኩሽ እኮ!» አለኝ። እስከዚያች ቀን አንቱ ነበር የሚለኝ።

«እንቢ ካልኩስ?»

«ባዶ ካርቶን ስታከማች የኖረች ሴት ሌላ ምን ትላለች!» ብሎ ሳቀና ከቡድኑ ሰረዘኝ። አንዱ አብሮት ሳቀ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ዝም ያሉትንም አልረሳሁም።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን መጀመሪያው ሜዳ ላይ መድኃኒት ቅጠል ስለቅም ከረምኩ። ከስድስቱ መሀል ጉልበቱን ታሞ ሩጫ ያቆመው የሱሉልታ ሰው ብቻ አለፍ ሲል «አካም ጅርቱ እትዬ» ብሎ ደህንነቴን እየጠየቀ ይጽፍልኝ ነበር።

ዘንድሮ የጌሙ ባለቤቶች ሊመጣ ስላለው ለውጥ ማስታወቂያ አወጡ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው። እህቴ እንደነገረችኝ ባሏ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቦ፣ የሰይፉ ጉልበት ተቀነሰበትና ሲያማርር ዋለ። እኔ ግን ሰርኩላር የማነበው ከግርጌ ነው። በሠላሳ ዓመት የተማርኩት ቢኖር፣ ዋናው ነገር አባሪው ላይ እንደሚደበቅ ነው። መዝገበ ቃላቴን ይዤ ወረድኩ።

መንፈስ ከእንግዲህ በውጊያ መሀል ይሠራል ይላል። ፈዋሽ በለበሰው መንፈስ ልክ የወደቀ ሰው ያነሣል። የንጉሡ ምት ይከብዳል። የድሮው ጥሩር ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። በመጨረሻው መስመር ደግሞ፣ ጥሩሩ ዳግመኛ አይገኝም፤ በእጁ ያለው ሰው ይዞት ይቀጥላል።

ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። ውሃ ጠጥቼ እንደገና አነበብኩት። በወረቀት ደምሬ አየሁት፤ ድሮ በአንድ ውጊያ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማነሣው፣ አሁን ስድስት! ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። በማግስቱ ወደ አለም ገና ስሄድ ታክሲ ውስጥ በስልኬ እያነበብኩት መውረጃዬን አለፍኩ።

«ምነው እናቴ፣ ፊትዎ በራ፤ የልጅ ልጅ መጣ እንዴ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ።

«ከዚያም ይበልጣል» አልኳቸው። ጉዳዬን ለእህቴ እንኳ የማልናገር ሴት፣ ለማላውቃቸው ሰው ይህን አልኩ።

ለውጡ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው በሬ ተንኳኳ። እህቴና አንድ ረጅም ሰው ናቸው። በስፖርት ቱታው ላይ ጋቢ ደርቧል። ሲናገር በድምፁ አወቅሁት፣ የሱሉልታው ነው።

«ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው» አለ።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«አገሩ ላይ ሽማግሌ ቢጠፋ ነው!»

«ጌም የሚያውቅ ሽማግሌ እርስዎ ብቻ ነዎት እትዬ። እርስዎን ወደ እርስዎ እንላክ?»

እህቴ ሳቀች። እኔም ሊያመልጠኝ ነበር፣ ያዝኩት።

«ባልሽ ኦቦ ሊቀመንበር ራሱ ለምን አልመጣም?»

«እግሩን አሞት ነው» አለች እህቴ።

«አፉንም?»

የሱሉልታውም ማስታወቂያውን እስከ ግርጌው አንብቦ ኖሯል፤ ያለ እኔ ጥሩር ንጉሡን እንደማይጥሉት ሦስታችንም እናውቃለን። ምሳ አበላኋቸውና ቃሌን ነገርኳቸው፤ ያኔ ስድስቱ በሰሙበት፣ አሁንም ስድስቱ እየሰሙ፣ ያ ጥሩር ቡቱቶ አልነበረም ይበል። «ይላል» ብለው ማሉልኝ።

እሑድ ስምንታችንም ገባን። መብራት እንዳይጠፋ ስለት ስሳል ነው ያረፈድኩት። 

«እንግዲህ እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ የእህቴ ባል። «ያለፈው አልፏል። ሁላችንም ተሳስተናል።»

እኔ አልተሳሳትኩም፤ ስለ ጥሩሩ የተማለልኝን ቃልም አላለም። ዝም ብዬ ጥሩሩን ለበስኩ። አዲሱ ቁጥር ሲወጣ ሁሉም ጮኹ። ንጉሡ በመጀመሪያው ምት የሱሉልታውን ጣለው፤ ሳይቆይ አነሣሁት። «እትዬ ትኑርልን!» ሲል ጆሮዬን አደነቆረው። ቀስተኛውን አነሣሁ። ያን ጊዜ አብሮ የሳቀውንም አነሣሁ። እጄ እንዲህ ፈጥኖልኝ አያውቅም።

የእህቴ ባል ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሁለቱን አነሣሁት። በሦስተኛው «እትዬ፣ እዚህ ነኝ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁት። አላነሣሁትም። ንጉሡን ሰባት ሆነን ጣልነው።