ክሊኒክ ወረፋ ላይ የተጠራው ስም

ሶዌቶ ሱቅ ከከፈትኩ ስድስት ዓመቴ ነው። የምውለውም የማድረውም እዚያው ሲሆን፣ ደንበኛው ሁሉ የሚጠራኝ «ማይ ፍሬንድ» እያለ ነው።

ባለፈው አሞኝ ክሊኒክ ወረፋ ስይዝ ደንበኛዬ ሌራቶ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲስተሯ «ታቦ!» ብላ የወንድ ስም ተጣራች። የሚነሳ ጠፋ።

ሌራቶ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ «እኔ ነኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ስወለድ ወንድ ተብዬ የወጣልኝ ስም ነው፤ መታወቂያዬ ላይ ገና አልተቀየረም። ያለፈው ጊዜ ስነሳ ስለሳቁብኝ መድኃኒቴን ሳልወስድ ነው የሄድኩት።»

ብድግ አልኩና «እኔ ነኝ» ብዬ ካርዷን ተቀብዬ ሰጠኋት። ማንም ልብ ሳይላት ገባች።

መድኃኒቷን ይዛ ስትወጣ ሲስተሯ «ታምራት!» እያለች ደጋግማ ትጣራለች። እኔም እንደ ሰዉ፣ ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ሌራቶ «ማይ ፍሬንድ፣ ያንተስ ስም ማን ነው?» ስትለኝ ነው የተነሳሁት።