የወረደው ገዥ

ኦባዲያ ክሬን ግዛቲቱን የገዛው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ከወረደ ስድስት ዓመት ቢሞላውም አገሩ ዛሬም «ገዥ» ይለዋል። እዚያ አገር ማዕረግ እንደ መዥገር ነው፣ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተደግፎ «ገዥ፣ አሳማዎቹ እንዴት ከረሙ?» ይለዋል። ኦባዲያም አንድ ቀን «ተዉኝ» ብሎ አያውቅም። ምን ይደበቃል፣ ደስ ይለው ነበር።

መጀመሪያ አስተማሪ፣ ቀጥሎ ጠበቃ፣ በጦርነቱም ሻምበል ነበር። ሥልጣን ላይ ሳለ ለእስረኛ ምሕረት ሲሰጥ «ፈሪ» አሉት፤ ሲከለክል «ጨካኝ»። በሁለተኛው ምርጫ ሌቪ ኮርድ ጣለው፤ እስከ ዛሬም የሚገዛው እሱ ነው። ኦባዲያ በአደባባይ «ሌባ!» ብሎ ሰደበው፣ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ወዳጆቹ ሸሹት፣ ሚስቱን ቀበረ፣ ጉልበቱም ከዳው። ጠዋት ከአልጋው መውረድ እንኳ ይታክተው ጀመር።

በኅዳር ወር፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ በቆሎ ሲፈለፍል ሉሲንዳ ሄይል የምትባል ሴት ጭቃ በጭቃ ሆና መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ገዥ፣ ልጄን ነገ ሊሰቅሉት ነው! በጠብ መሐል አንዱን ሰው በአካፋ መታው እንጂ ሊገድለው አላሰበም። ይማሩልኝ!»

«ማን ነው ወደዚህ የላከሽ?»

«የጎረቤቴን ልጅ የማሩት እርስዎ አይደሉም? ዋናው ከተማ ጣቢያ ወርጄ የገዥ ክሬን ቤት ወዴት ነው ስል፣ ሁሉም ወደዚህ የሚመጣውን ባቡር አሳየኝ።»

የኮርድ ቢሮ ከዚያ ጣቢያ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። ኦባዲያ እፍረት አንገበገበው።

«እኔ ገዥ አይደለሁም፣ እመቤቴ።»

«ሰው ሁሉ ገዥ ይልዎት የለ!»

«ይሉኛል።»

ፈረሱን ጭኖ አፈናጠጣትና ቴሌግራፍ ቤት ደረሱ።

«ለማን ነው፣ ገዥ?» አለ ጸሐፊው።

«ለኮርድ።»

«ለሌባው?»

«አፍህን ዝጋና ጻፍ። ‹የሰደብኩህ በሐሰት ነበር። ከፈለግህ ጋዜጣ ላይ አውጣው። የሄይልን ልጅ ግን አታሰቅል። ክሬን።›»

ጸሐፊው ቀና አለ። «እውነት ሐሰት ነበር?»

«አልነበረም» አለ ኦባዲያ። «ላከው።»

መልሱ ከቀትር በኋላ መጣ፦ «ስቅላቱ ለሠላሳ ቀን ታግዷል፤ እናትየዋ ቀርባ ታስረዳ። ቃልህ ነገ በጋዜጣ ይወጣል።»

ሉሲንዳ እንደገና እግሩ ላይ ተደፋች። «አላልኩም? ገዥ ነዎት!»

«እኔም እንዳንቺ ደጅ ጠናሁ እንጂ» አለና፣ ደክሞት ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።