የጸሎት ቤታችን ጥዶች

አባቴን የሸኘነው ከጥዶቹ ሥር ነው። ጸሎት ቤታችን ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ናት። ያን ዕለት ለለቀስተኛው አልበቃችም፤ ሣጥኑ ውጭ፣ ከግቢው ጥዶች አጥሩን ተጠግተው በበቀሉት በሁለቱ ጥላ ሥር አርፎ መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየማለዳው እዚያው ቆማ ትጸልይ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። በበጋው ከሁለቱ የአንደኛው ቅጠል ገረጣ፤ ውሎ አድሮ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። የጠማው መስሎን በጀሪካን ውሃ እየተሸከምን አጠጣነው። ምንም ለውጥ የለም። እንዲያውም ጓደኛውም መቅላት ጀመረ።

ከምእመናኑ መካከል ስለ ደን የተማረች ሴት ነበረች። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ዛፉ ወሰደችንና ቅርፊቱን በቢላዋ ፈለቀቀችው። ሰጋቱራ የመሰለ ብናኝ ረገፈ። እንጨቱ እዚህም እዚያም በቀጫጭን መስመር ተቦርቡሯል፤ ከአንዱ ጫፍ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ጢንዚዛ ብቅ አለች።

«ጤነኛ ዛፍ እነዚህን በሙጫው ይከላከላቸዋል» አለች ሴቲቱ። «ይሄን ግን ድርቁ አደከመው። የታመሙትን ቆርጠን ቅርፊቱን ካላቃጠልን ጢንዚዛው ወደ ሌሎቹ ጥዶችም ይሄዳል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «እስቲ እንጸልይበት፤ ዝናቡም ይመጣ ይሆናል» አሉ። ሁሉም እናቴን ሰረቅ አድርገው እንደሚያዩዋት አስተዋልኩ።

እናቴ ቀርባ ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ልጄ፣ ብንጠብቅ ይድናል?» አለች ወደ ሴቲቱ ዞራ።

«አይድንም እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እንግዲያው ለእኔ ተብሎ ሌሎቹ አይድረቁ። ቁረጧቸው።»

ቅዳሜ ተቆረጡ። ቤት እንድትውል ብለምናት እምቢ አለች። የመጀመሪያው ሲወድቅ ቆማ አየች። ሁለተኛው ሲገነደስ ግን ክንዴን ጨብጣ፣ «አባትሽ አሁን ገና ሄደ» አለችና አለቀሰች። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። ቅርፊቱ ሲነድ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን እስኪያልቅ አብረን ቆምን።

በዓመቱ ከቀሩት አንዱ ቀልቶ ተቆረጠ። ሌሎቹ እስካሁን አረንጓዴ ናቸው። ዝናቡ ግን ዘንድሮም ሳስቷል፤ እሑድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ሰዉ ሁሉ ሰላምታ ከመለዋወጡ በፊት ቀና ብሎ ቅጠላቸውን ያያል።